ሕዝቅኤልን ጀምራችሁ ምዕራፍ 4 ላይ ለተዋችሁ

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው የተውኩት። ምዕራፍ 4። አራት ፊት ያላቸውን እንስሶችና መንኮራኩሮቹን እንደ ምንም ታልፋላችሁ። ነቢዩ ጥቅልል ሲበላም ትታገሣላችሁ። ከዚያ በግራ ጎንህ 390 ቀን ተኛ ይባላል፣ በቀኝ ጎንህ ደግሞ 40 ቀን፣ እንጀራህንም በሰው ዓይነ ምድር ጋግር ይባላል፣ እናንተም መጽሐፉን ዘግታችሁ ወደ መዝሙረ ዳዊት ትመለሳላችሁ። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

በአራተኛው ሙከራ ተሳካልኝ። የተለየ እውቀት ኖሮኝ አይደለም፤ ዕብራይስጥም ከለቃቀምኳቸው ጥቂት ቃላት በቀር አላውቅም። የአነባበብ መንገዴን ነው የቀየርኩት። ከምዕራፍ 4 እስከ 24 ያለው የጣዖትና የፍርድ ቃል ለከበዳችሁ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

እርሳስ ያዙ። መጀመሪያ ቀኖቹን አስምሩባቸው። ሕዝቅኤል እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ "በስድስተኛው ዓመት በስድስተኛው ወር ከወሩም በአምስተኛው ቀን" እያለ ይጽፋል። ይህን ብዙዎቻችን ዘልለን እናልፋለን። ቆጠራው የሚጀምረው ንጉሡ ዮአኪን ተማርኮ ወደ ባቢሎን ከተወሰደበት ጊዜ ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 597። ቀላል ስሌት አለችው፦ ሕዝቅኤል የሚጠራውን ዓመት ከ598 ላይ ቀንሱ። አምስተኛው ዓመት 593 ይሆናል፣ ስድስተኛው 592፣ ሰባተኛው 591። ወሩ አሥረኛ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ቀንሱ፣ ምክንያቱም ዓመታቸው የሚጀምረው መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ ስለሆነ አሥረኛው ወር ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል።

ለምን ይጠቅማል? ኢየሩሳሌም የወደቀችው በ586 ነው (587 የሚሉም አሉ)። ስለዚህ እስከ ምዕራፍ 24 ያለው ሁሉ የተነገረው ከተማዋ ገና ቆማ ሳለች ነው። ቤተ መቅደሱ አለ። ዕጣኑ ይጤሳል። በተማረከው በዮአኪን ፋንታ ሴዴቅያስ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። ሕዝቅኤልና አብረውት የተማረኩት ግን ባቢሎን ውስጥ በኮቦር ወንዝ ዳር፣ ቴልአቢብ በሚባል ሰፈር ናቸው (የዛሬዋ ቴል አቪቭ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ከምዕራፍ 3 ነው)። እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ልቡ እዚያ ነው። ዘመዱ እዚያ ነው። ኢየሩሳሌም ደግሞ ቅርብ አይደለችም፤ በኋላ ዕዝራ ያንን መንገድ ለመሄድ አራት ወር ፈጅቶበታል።

ወሬውም ብዙ ነው። በኢየሩሳሌም ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል ብሎ ነበር። ኤርምያስ በበኩሉ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ልኮ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ነገሩ 70 ዓመት ነው አላቸው። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር? ንጉሡ ራሱ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ቀለብ ይሰፈርለት ነበር። ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለአምስት ልጆቹ የተሰፈረው ዘይት የተመዘገበባቸው የሸክላ ጽሑፎች እዚያው ባቢሎን በቁፋሮ ተገኝተዋል። በሕይወት ያለ ንጉሥ ካለ ተስፋም አለ። ሰዎቹ ክፉው አልፏል፣ ቅጣቱ በእኛ ላይ ደርሶ አብቅቷል ብለው ነው የተቀመጡት።

አሁን ወደ ዋናው። የፍርዱን ቃል ከማንበባችሁ በፊት ነቢዩ ፊት የተቀመጠው ማን እንደሆነ ፈልጉ። ይህችን አንዲት ነገር ብቻ ብትወስዱ ይበቃኛል።

8፡1ን ክፈቱ። ሕዝቅኤል ቤቱ ተቀምጧል፣ የይሁዳ ሽማግሌዎች ፊቱ ተቀምጠዋል። 14፡1 ላይ የእስራኤል ሽማግሌዎች መጥተው ፊቱ ተቀመጡ። 20፡1 ላይ እንደገና መጡ፣ እንደገና ተቀመጡ። ሽማግሌ ናቸው እንግዲህ። ሰፈሩ የሚያከብራቸው፣ ነገር የሚያበርዱ፣ የእግዚአብሔርን ቃል ሊሰሙ ብለው ቤት ድረስ የመጡ ሰዎች። ስለ ጣዖት ያ ሁሉ የሚነገረው ለባቢሎናውያን አይደለም። ማርዱክን ስለሚያመልከው ጎረቤት አንድም ቃል ሳይወጣ እነዚህ ሰዎች ፊት ለፊት ይነገራቸዋል።

እኛ እንዲህ አናነበውም። ጣዖት ሲባል የሚመጣልን ሌላ ሰው ነው። 6፡13 ላይ "ከለመለመ ዛፍ ሁሉ በታች" የሚለውን ስታነቡ አድባር ዛፉ ሥር ቅቤ የምትቀባዋን አሮጊት አስታወሳችሁ አይደል? ምዕራፍ 13 መጨረሻ ላይ በእጅ አንጓ የሚታሰር ነገር ሰፍተው በጭብጥ ገብስና በቁራሽ እንጀራ የሚሸጡ ሴቶች ሲመጡ ደግሞ ክታብ ጻፊውን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ስድስት ሆነን ስናነብ ጓደኛዬ ምዕራፍ 6ን አንስቶ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ክርክር ጀመረ። ሌላዋ ብድግ ብላ ምዕራፍ 41ን ገለጠችበት፤ ሕዝቅኤል ራሱ በራእይ ያየው ቤተ መቅደስ ግድግዳው በኪሩቤልና በዘንባባ ምስል የተሞላ ነው። ማታውን ሙሉ ተከራከርን። ቡናው ሦስተኛ ደረሰ፣ በረካውም አለቀ፣ ምዕራፍ 7ን ግን አላነበብንም። ያንን ክርክር እዚህ አልፈታላችሁም። የምላችሁ፣ ሁለቱም ጓደኞቼ ያን ማታ ነቢዩ ፊት አልተቀመጡም ነበር፤ ከጎኑ ቆመው ጣት ሊቀስሩ ነበር የፈለጉት።

ወደ ምዕራፍ 4 እንመለስ፣ የሁላችን መሰናክል ወደሆነው። ይህ ቲያትር ነው። ቃል የማይሰማ ሰው ዓይኑ ያይ ይሆናል ተብሎ የሚሠራ ቲያትር። ሕዝቅኤል ጡብ ወስዶ ኢየሩሳሌምን ይስልበታል፣ ዙሪያውን የአፈር ድልድል ይደለድላል፣ ልክ እንደ ሕፃን ጨዋታ። ባቢሎን የሸክላ አገር ስለሆነች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ እዚያው አገር ካለችው ከኒፑር የከተማዋ ካርታ የተቀረጸበት የሸክላ ጽላት ተገኝቷል።

እንጀራውስ? ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና ሌላም እህል ተቀላቅሎ የሚጋገር ነው። መጠኑ በቀን 20 ሰቅል፣ ማለትም 230 ግራም አካባቢ። ውኃውም የኢን ስድስተኛ እጅ፣ አንድ ሊትር አይሞላም። አሜሪካ ያላችሁ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሕዝቅኤል 4፡9 ስም የሚሸጠውን የጤና ዳቦ አይታችሁ ይሆናል። ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል፤ ይህ እኮ የተከበበች ከተማ ራሽን ነው። ሰው ከየጆንያው ሥር የቀረውን ጠርጎ የሚጋግረው።

ማገዶው ላይ ደግሞ እኛ ከብዙ አንባቢ እንሻላለን። በሰው ዓይነ ምድር ጋግር ሲባል ሕዝቅኤል ወዮ ይላል፤ ካህን ነው፣ ከልጅነቱ ርኩስ ነገር አልበላም። ከዚያ የላም ኩበት ይፈቀድለታል። የአውሮፓ ሰው እዚህ ጋ አፍንጫውን ይይዛል። ኩበት በእጁ ጠፍጥፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው ግን ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ኩበት የድሃ ማገዶ ነው፣ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ግን ነውር የለበትም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ነው ነውሩ።

ያቺን ነውር ያዙልኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ አማርኛችን የሚደብቀው ነገር አለ። ሕዝቅኤል ጣዖትን የሚጠራበት ቃል በዕብራይስጥ "ጊሉሊም" ነው። መጽሐፉ ውስጥ ወደ 40 ጊዜ ገደማ ይመጣል፤ ይህን ቃል እንደ እርሱ የደጋገመ ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ጸሐፊ የለም። ምዕራፍ 4 ላይ ለሰው ዓይነ ምድር የገባው ቃል "ገላል" ከዚሁ ተመሳሳይ ፊደላት የወጣ ነው። ብዙ ሊቃውንት ሆን ተብሎ የተመረጠ ስድብ ነው ይላሉ። እኛ "ጣዖቶቻችሁ" ብለን በጨዋነት የምናነበው ለሰሚዎቹ ጆሮ የፍግ ሽታ ነበረው። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ ስታነቡ "ጣዖት" የሚለው ላይ ፊታችሁን አጨፍግጉ። የምሬን ነው፣ ይሠራል።

ምዕራፍ 5፣ 6 እና 7ን በአንድ ትንፋሽ አንብቡ። አትተንትኑ። ሲያነቡት እንደ ሙሾ የሚሄድ ነው፣ "ፍጻሜ መጣ፣ ፍጻሜ መጣ" እያለ። "እኔ እግዚአብሔር እንደ ሆንሁ ያውቃሉ" የሚለው ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ። በመጽሐፉ ሁሉ ከ60 ጊዜ በላይ ይመጣል፣ እና ቅጣቱ ለምን እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

ምዕራፍ 8 ላይ ግን ቁሙ። እዚህ ሰዓት ወስዳችሁ በወረቀት ላይ ሳሉ። አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን፣ ውስጡ ሌላ፣ መሐሉ ላይ ቤተ መቅደሱ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። ሰሜንን ከላይ አድርጉ። አሁን ሕዝቅኤል ከባቢሎን በራእይ ወደ ኢየሩሳሌም ተወስዶ የሚዞርበትን በቁጥር ምልክት አድርጉ።

1፦ በሰሜን በኩል ባለው በር፣ "የቅንዓት ጣዖት" የቆመበት። 2፦ አደባባዩ ግድግዳ ላይ ያለች ቀዳዳ። ቆፍር ይባላል፣ ይቆፍራል፣ በር ያገኛል፣ ይገባል። ግድግዳው ዙሪያውን በተንቀሳቃሽና በአውሬ ሥዕል ተሞልቷል፣ 70 ሽማግሌዎች እያንዳንዳቸው ጥናቸውን ይዘው በጨለማ ቆመዋል፣ የዕጣኑ ጢስ ይወጣል። 3፦ በቤቱ ሰሜን በር ሴቶች ተቀምጠው ለተሙዝ ያለቅሳሉ። ተሙዝ የመስጴጦምያ አምላክ ነው፣ በበጋው ሐሩር የሚሞት፤ ስሙ በአይሁድ የዘመን አቆጣጠርም በኢራቅም እስከ ዛሬ የወር ስም ሆኖ ይኖራል። 4፦ በውስጠኛው አደባባይ፣ በወለሉና በመሠዊያው መካከል፣ 25 ሰዎች ጀርባቸውን ለመቅደሱ ሰጥተው ለፀሐይ ይሰግዳሉ።

ሥዕላችሁን እዩት። ቁጥሮቹ ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባሉ። በየመካከሉ "ከዚህ የሚበልጥ ርኩሰት ታያለህ" ይባላል፣ እና የሚብሰው ሁልጊዜ ወደ መሠዊያው የቀረበው ነው። ይህን ሳልስል ሦስት ጊዜ አንብቤ አላየሁትም።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ትንሽ እንቆይ። ከ70ዎቹ መካከል በስም የተጠራ አንድ ሰው አለ፣ የሳፋን ልጅ ያእዛንያ። ስም ስናይ እንዘልላለን፣ እዚህ ግን አትዝለሉ። 2ኛ ነገሥት 22ን ክፈቱ። በ622 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሕጉ መጽሐፍ በቤተ መቅደስ ሲገኝ ለንጉሡ ለኢዮስያስ ያነበበው ጸሐፊው ሳፋን ነበር። ጣዖት ያን ያህል የተጠረገው ከዚያ ንባብ በኋላ ነው። ልጁ አኪቃም ኤርምያስን ከሞት አዳነ። ሌላው ልጁ ገማርያ የኤርምያስ ጥቅልል እንዳይቃጠል ንጉሡን ለመነ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በኢየሩሳሌም በዳዊት ከተማ ቁፋሮ "የሳፋን ልጅ ገማርያ" የሚል የሸክላ ማኅተም ተገኝቷል። እንግዲህ አብዛኛው ተርጓሚ እንደሚለው ይህ ሳፋን ያው ሳፋን ከሆነ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጥና ይዞ የቆመው ያኔ ጣዖት ያስጠረገው ቤት ልጅ ነው። ቴልአቢብ ያሉት ሽማግሌዎች ይህን ስም ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው አስቡ። ቤተሰቡን ያውቁታል።

እነዚያ 70ዎቹ የሚሉትንም አስምሩበት፦ እግዚአብሔር አያየንም፣ ምድሪቱን ትቷታል። ተስፋ የቆረጠ ሰው ንግግር ነው። ሥዕላችሁ ላይ በሌላ ቀለም የእግዚአብሔር ክብር የሚሄድበትንም ሳሉ፦ ከኪሩቤል ላይ ወደ ቤቱ መድረክ (9፡3)፣ ከመድረኩ ወደ ምሥራቁ በር (10፡19)፣ ከዚያ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ተራራ (11፡23)። ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፣ እየቆመ እየቆመ። ሰዎቹ ትቶናል ሲሉ ገና ውስጥ ነበር።

በመካከሉ ምዕራፍ 9 አለ፣ በፍታ የለበሰውና የጸሐፊ ቀለም ቀንድ የያዘው ሰው። ስለሚሠራው ርኩሰት በሚያዝኑት ግንባር ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክቱ በዕብራይስጥ "ታው" ነው፣ የፊደላቸው መጨረሻ፣ በዚያ ዘመን አጻጻፍ መስቀል የሚመስል። የእኛ "ተ" የእርሷ ዘመድ ናት፤ ስሟ ታዊ፣ ዛሬም መስቀል ትመስላለች። ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ ስሰማ ይህ ምዕራፍ ትዝ ይለኛል። ሌሎቹ ስድስት ሰዎች ደግሞ ከየት ጀምሩ እንደተባሉ እዩ፦ ከመቅደሴ። የመጀመሪያዎቹ የሚወድቁት በቤቱ ፊት ያሉት ሽማግሌዎች ናቸው።

ምዕራፍ 13 ስለ ሐሰተኛ ነቢያት ነው፤ ሕዝቡ የሚሠራውን ደካማ ግድግዳ ላዩን መርገው ያሳምሩታል። ጭቃ ቤት ያደገ ሰው ያለ ጭድ የተመረገ ግድግዳ በመጀመሪያው ክረምት ምን እንደሚሆን ያውቃል። ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ምዕራፍ 14 የሁሉ ቁልፍ ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው ተቀመጡ። ምን ሊጠይቁ እንደመጡ አልተጻፈም። እኔ መቼ እንመለሳለን የሚለውን ይመስለኛል፣ ግን ጥያቄያቸው እንኳ አልተነገረም፣ ምክንያቱም ከመጠየቃቸው በፊት መልሱ መጣ፦ እነዚህ ሰዎች ጣዖቶቻቸውን በልባቸው አኑረዋል፣ ታዲያ እኔን ሊጠይቁኝ ይገባልን? ቃሉ ያው ነው፣ ጊሉሊም። ኢየሩሳሌም ያለው ጣዖት በር ላይ ነበር፣ በግድግዳ ላይ ነበር፣ ሊጠረግ ይችላል። እነዚህ ግን ምርኮኛ ናቸው፣ ቤተ መቅደስ የላቸውም፣ ጥና የላቸውም፣ በእጃቸው ምንም የለም። ውስጣቸው ይዘውት መጥተዋል። ከዚያም አራቱ ቅጣቶች ይቆጠራሉ፣ ሰይፍ፣ ራብ፣ ክፉ አውሬ፣ ቸነፈር፤ ኖኅና ዳንኤል ኢዮብም ቢኖሩ ራሳቸውን ብቻ ያድናሉ ይባላል። ኖኅ ቤተሰቡን አድኖ እንደነበር ስታስታውሱ ነገሩ ይከብዳል።

ምዕራፍ 16 እና 23 ከባድ ናቸው፣ ልጆች ባሉበት አትጀምሯቸው። ጣዖት አምልኮን በምንዝር ይመስላሉ፣ ቋንቋውም ምንም አይሸፍንም። ከጥንት የአይሁድ መምህራን አንዱ ረቢ ኤሊዔዘር ምዕራፍ 16 በምኩራብ እንዳይነበብ ብለው ነበር፣ ስለዚህ ብትሸማቀቁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ለሌላ ቀን አስቀምጧቸው። ምዕራፍ 18ን ግን ሳታነቡ አትለፉ፣ ምክንያቱም "አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆችም ጥርስ ጠረሰ" እያሉ ጥፋቱን ወደ አያት የሚገፉትን ዝም የሚያሰኝ እዚያ ነው።

ከ25 እስከ 32 ስለ ሌሎች አገሮች ነው። 29 እና 30 ላይ "ኢትዮጵያ" የሚለውን ስታዩ አትደንግጡ፤ ዕብራይስጡ ኩሽ ይላል፣ ከአስዋን በስተ ደቡብ ያለው የአባይ ምድር ነው። እነዚህንም ምዕራፎች ግብፅ አልሰማቻቸውም። የሰሙት እነዚያው ቴልአቢብ የተቀመጡት ናቸው።

ከ24 በኋላ ግን በቀጥታ ወደ 33 ዝለሉ። በ12ኛው ዓመት በአሥረኛው ወር ከኢየሩሳሌም ያመለጠ አንድ ሰው መጥቶ "ከተማይቱ ተመታች" አለ። አሁን ሁሉም ሆኗል። ሕዝቅኤል ያለው ደርሷል። ጡቡ፣ 230 ግራሟ እንጀራ፣ ሁሉም። ከዚያ ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ውረዱ፣ ቁጥር 30። ሰዎቹ በየቅጥሩ ሥርና በየቤቱ ደጃፍ ስለ ነቢዩ ያወራሉ፦ ኑ፣ ምን ቃል እንደመጣ እንስማ። ይመጣሉ፣ ፊቱ ይቀመጣሉ፣ ይሰማሉ፣ አያደርጉትም። ለእነርሱ ድምፁ እንዳማረ፣ በገና እንደሚችል የፍቅር ዘፋኝ ሆኖላቸዋል።

8፡1ን ገልጣችሁ ከጎኑ አስቀምጡት። ከስድስት ዓመት በላይ አልፏል፣ ከተማዋ ተቃጥላለች። አቀማመጣቸው ያው ነው።